የአባት ቤት በአራዳ፤ ከችሎት አስቀድሞ ሽምግልና

በአራዳ አንድ አባወራ ሲሞት የሚሆነውን የሠፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የዕድሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበሩና ሳህኑ ከዕድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፤ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ይነሣል፤ ለቀስተኛውም ይበተናል። እስከ አርባው ድረስ በዚያ ቤት ስለ ሀብት መናገር ነውር ነው። አርባው ካለፈ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ መጥቶ በልጆቹ መካከል ይቀመጣል። አስቀድሞ ሊያነሣው የሚደፍር የለም፤ የማያስበውም የለም። ይኸውም «ቤቱ እንዴት ይሁን?» የሚለው ነው።

ዛሬ ልናወጋችሁ የፈለግነው ስለዚሁ ጥያቄና ጥያቄው ወደ ችሎት ሳይደርስ በሽማግሌ ፊት እንዴት ሊያልቅ እንደሚችል ነው።

አራዳ ለክርክር እንግዳ የሆነ ስፍራ አይደለም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ከማዛወራቸው በፊት፣ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ የሚቆመው በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ገበያ ባለበት ክርክር አለ፤ የነጋዴውንም ጉዳይ ነጋድራሱ ይዳኝ ነበር። ነጋድራስ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ የሌለው ወይም አቅም ያነሰው ተሟጋች ደግሞ ሌላ ብልኃት ነበረው። «በሕግ አምላክ!» ብሎ ባላጋራውን ያቆማል፤ ከዚያም በመንገድ የሚያልፈውን ደኅና ሰው ይለምኑትና ጥላ ሥር ተቀምጦ ሁለቱን ይሰማቸዋል። ይህ ሰው የመንገድ ዳኛ ይባል ነበር። ሹመት የለውም፤ ደመወዝ የለውም፤ ፍርዱም ካልተስማማቸው ወደ ላይ ይሄዳሉ። ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ወደ ዳኛ ሲሄዱ ማየትም በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር። የዛሬው የፒያሳ ልጅ ቁራኛን የሚያውቀው ከተረት ነው፤ ይሁን እንጂ በአንድ ግቢ ውስጥ ተጠላልተው፣ አንዱም ሳይወጣ ሌላውም ሳይገባ፣ ዐሥር ዓመት የሚኖሩ ወንድማማቾችን ብናይ፣ የነጠላው ቋጠሮ ባይታይም ቁራኛው እንዳለ ነው ያሰኛል።

ታዲያ በአራዳ የውርስ ክርክር ለምን እንዲህ ይበረታል? አንደኛው ምክንያት ቤቱ አንድ መሆኑ ነው። ቀድሞ የአራዳ ባለ ሀብት ሁለት ሦስት ቤት ይኖረው ነበር፤ ሲሞትም ለአንዱ ልጅ የላይኛውን፣ ለሌላው የታችኛውን ተናዞ ማለፍ ይችል ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ ግን ለአንድ ቤተሰብ የተተወለት አንድ መኖሪያ ቤት ነው። ልጆቹ ስድስትም ቢሆኑ ስምንትም ቢሆኑ በዚያው አንድ ቤት አደጉ፤ አንዳንዱም ሲያገባ በጓሮ ሰርቪስ ቤት ሠርቶ ተቀመጠ፤ ፊት ለፊት ያለው ክፍልም ሱቅ ሆኖ ተከራየ። አባት ሲሞት ካርታው በአባት ስም ነው፤ ሰርቪሱን የሠራው ልጅ ነው፤ የሱቁን ኪራይ የምትቀበለው እናት ናት። በወረቀት አንድ የሆነው ቤት በኑሮ ሦስት ሆኗል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ችኮላ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሥራ በፒያሳ ዙሪያ፣ በዶሮ ማነቂያና በእሪ በከንቱ ጭምር፣ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ቤት ሊፈርስ ነው በተባለ ጊዜ ካሣውንም ሆነ ምትክ ቦታውን ለመቀበል ሰነድ ያስፈልጋል። አባታቸው ከሞተ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ስሙን ያላዛወሩ፣ ድርሻቸውንም ያልተነጋገሩ ወራሾች በዚያን ጊዜ የሃያ ዓመቱን ነገር በሳምንት ውስጥ ሊጨርሱት ይነሣሉ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በሳምንት አያልቅም።

ሕጉ ስለ ውርስ የሚለው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ውስብስብ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኑዛዜ ከሌለ ልጆች ሁሉ እኩል ይወርሳሉ ይላል። ወንድና ሴት፣ ታላቅና ታናሽ፣ በጋብቻ የተወለደና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልዩነት የለውም። ከአባቱ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ የእርሱ ልጆች በአባታቸው ምትክ ይገባሉ። የሟች ሚስት ወይም ባል ወራሽ አይደሉም፤ ነገር ግን በጋብቻ ዘመን የተፈራው የጋራ ሀብት ግማሹ የራሳቸው ስለ ሆነ፣ ይህ ግማሽ ከውርሱ አስቀድሞ ይወጣል። ይህን የማያውቁ ልጆች እናታቸውን ከገዛ ቤቷ እንደ ደባል ሲያዩአት ታዝበናል፤ የሚያሳዝን ነው። ከዚህ በኋላ የቀብር ወጪና ዕዳ ይከፈላል። የተረፈው ክፍያው ነው።

እንግዲህ ወራሹ ማን እንደ ሆነና ስንት እንደሚደርሰው ለማወቅ ሽማግሌ አያስፈልግም። ለወራሽነት ማስረጃ የከተማው ፍርድ ቤት አለ፤ ሀብቱን የሚቆጥርና የሚያጣራ ውርስ አጣሪም አለ። ጭንቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ስምንተኛ የሆነ ድርሻ በአራዳ ግቢ ውስጥ የትኛው ክፍል ነው? የትኛው በር? ወራሾቹ ካልተስማሙና ቤቱ በዓይነት የማይከፈል ከሆነ፣ መጨረሻው በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡን መከፋፈል ነው። ፍርዱ ትክክል ነው፤ በሒሳቡም ስሕተት አይገኝም። ቤቱ ግን ሄደ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቤተሰብ በአሳብ እናቁም። ሰዎቹ በእውነት ያሉ አይደሉም፤ ዓይነታቸው ግን በየቀበሌው አለ። አባት ሞቶ እናት በሕይወት ናት፤ ቤቱ በጋብቻቸው ዘመን የተገዛ ነው። ልጆቹ አራት ናቸው። ታላቅየው፣ ታናናሾቹ «ጋሼ» የሚሉት፣ በጓሮ ሁለት ክፍል ሠርቶ ያከራያል። ሁለተኛዋ እኅት አላገባችም፤ አባቷን ስድስት ዓመት አልጋ ላይ ሳለ ያስታመመች እርስዋ ናት። ሦስተኛው ዋሺንግተን ነው፤ ጣራው ሲቀየር ገንዘቡን የላከው እርሱ ነው። አራተኛው ደብረ ብርሃን ከሌላ እናት የተወለደ፣ አባትየው ልጄ ነው ያለው፣ ነገር ግን በዚህ ግቢ ሦስት ቀን እንኳ አድሮ የማያውቅ ነው። በአርባው ዕለት መጥቶ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ።

በሒሳብ እንሂድ ብንል እናት ግማሹን ትወስዳለች፤ የቀረው ግማሽ ለአራት ሲካፈል ለያንዳንዱ አንድ ስምንተኛ ይደርሰዋል። ሒሳቡ ይህ ነው። ነገር ግን ጋሼ «ሰርቪሱን በገዛ ገንዘቤ ሠርቻለሁ» ይላል። እኅት ምንም አትልም፤ ስድስቱን ዓመት ግን ሁሉም ያውቀዋል። ሕጉ ለማስታመም ብሎ የጨመረላት ድርሻ የለም፤ አባትየው በኑዛዜ ቢያስብላት ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ባለ ዋሺንግተኑ «ቤቱ አይሸጥ፤ ስመጣ የት አርፋለሁ?» ይላል። ባለ ደብረ ብርሃኑ ቤቱን አይፈልገውም፤ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ከገንዘቡም ይልቅ የአባቱ ልጅ መሆኑ በሰው ፊት እንዲነገር ይፈልጋል። እናትም አለች፤ የሚጠይቃት ግን የለም።

አሁን ሽማግሌዎቹ ይገባሉ። በአዲስ አበባ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አምስት ናቸው፤ አንዱ የዕድሩ ዳኛ፣ አንዱ የንስሐ አባት ወይም በሠፈሩ የተከበረ ሰው፣ አንዱ ከዘመድ ወገን። ጥሩ ሽማግሌ መጀመሪያ ሁሉንም አንድ ላይ አያስቀምጣቸውም፤ ለየብቻቸው ይሰማቸዋል። በወንድሙ ፊት የማይወጣ ቃል ለብቻ ሲሆን ይወጣልና። «ስንት ይገባሃል?» ብሎም አይጠይቅም፤ ይህን ሕጉ አስቀድሞ መልሶታል። ይልቁንስ «ምን ቀረብህ? ምን ያሳስብሃል?» ይላል። ባለ ደብረ ብርሃኑ ስለ ቤት ሳይሆን ስለ ስም እንደሚከራከር የሚታወቀው እንዲህ ሲጠየቅ ነው። የእናት ፍርሃትም የሚሰማው ያን ጊዜ ነው፤ እርስዋ የምትፈራው በስተርጅና ከጊዮርጊስ ደወል ርቃ ዳር ከተማ እንዳትሄድ ነው።

ከዚህ በኋላ መፍትሔው ከግቢው ውስጥ ራሱ ይገኛል። እናት በሕይወት እስካለች ቤቱ እንዳይሸጥ ሁሉም ይስማማሉ። የጓሮው ክፍል በገማች ይገመትና ጋሼ ያወጣውን ገንዘብ ከኪራዩ ላይ እስኪያነሣ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ኪራዩ የጋራ ይሆናል። የደብረ ብርሃኑን ድርሻ ጋሼ ይገዛዋል፤ በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻለ በየሦስት ወሩ እየከፈለ በሁለት ዓመት ይጨርሳል። የፊቱ ሱቅ ኪራይ ለእኅትየው ይተዋል፤ ይህም ከአንድ ስምንተኛዋ ላይ የሚቀነስ ሳይሆን ወንድሞቿ በገዛ ፈቃዳቸው ለድካሟ የሰጧት ነው። ባለ ዋሺንግተኑ ድርሻውን ሳይሸጥ ያቆያል፤ ሲመጣ የሚያርፍበት ክፍልም በስም ይጠቀሳል። በመጨረሻው ጉባኤ ላይ ሽማግሌው አራቱን ልጆች በተራ ስማቸውን ከነአባታቸው ይጠራል፤ አራተኛውንም እንደ ሦስቱ። ይህ መጠራት ምንም ገንዘብ አላስወጣም፤ ዳኛ ቢሆን ግን እንደ ሐራጁ ቀላል ሆኖ አያገኘውም ነበር።

እንዲህ ያለውን አሠራር ስናወድስ ጉድለቱን ብንደብቅ ግን አንባቢን እንበድላለን። ሽምግልና ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በደካማው ወገን ላይ ነው። «ለአባትሽ ነፍስ ስትይ ተይው» የሚባለው ለእኅት ነው እንጂ ለታላቅ ወንድም ሲባል እምብዛም አንሰማም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ስለዚህ እኅት ድርሻዋን ብትተው እንኳ መተው የሚገባት ስንት እንደ ሆነ ዐውቃ ነው። ድርሻዋን ሳይነግሩ «ተስማምታለች» ብሎ ማስፈረም ዕርቅ አይባልም። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወንዶች የሚሆኑበትም ልማድ ቢቀር ደስ ይለናል፤ በየሠፈሩ የሴቶች ዕድር ባለበት ከተማ አንዲት አስተዋይ ሴት ከሦስቱ አንዷ እንዳትሆን የሚከለክል ነገር አይታየንም። ደግሞም ግቢውን ራሱ ሊገዛ የሚመኝ ጎረቤት፣ ወይም ከደላላ ጋር የሚውል ሰው ሽማግሌ ሆኖ ቢቀመጥ አስቀድሞ ማስነሣት ይገባል። ከወራሾቹ መካከል አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ካለ፣ ሞግዚቱ ብቻውን «ታርቄያለሁ» ብሎ የልጁን ድርሻ እንዲያስረክብ መተው አይገባም፤ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ሊያየው ይገባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላም ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲጻፍ፣ ተከራካሪዎች በራሳቸው መርጠው ፍርድ የሚሰጧቸውን ሰዎች «የዘመድ ዳኞች» ብሎ ነበር የጠራቸው። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ የልማድን ሕግ እምብዛም የሚወዱ አልነበሩም፤ አንቀጽ 3347ም በሕጉ ውስጥ የተጠቃለለውን ጉዳይ በሚመለከት የቀድሞውን ልማድ ሽሮታል። ሆኖም «ዘመድ» የሚለው ቃል በአማርኛው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 ግን የውርስን ጉዳይ በግልግል ዳኝነት ከማይታዩት ነገሮች መካከል መድቦታል። ይህ ማለት ሦስት ሰዎች ተቀምጠው «ቤቱ የጋሼ ነው፤ ፈርደናል» ቢሉ ፍርዳቸው እንደ ዳኛ ፍርድ አይጸናም ማለት ነው። ወራሾቹ ራሳቸው ተነጋግረው መስማማታቸውንና ሽማግሌም ማስማማቱን ግን የሚከለክላቸው የለም። ልዩነቱ ጥቃቅን ቢመስልም ትልቅ ነው፤ የሽማግሌው ሥራ ማስማማት ነው፤ ፊርማው የወራሾቹ ነው።

ፍርድ ቤቱም ራሱ ወደዚህ መንገድ መጥቷል። በዚያው በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ፍርድ ቤት መር ማስማማት የሚባለውን ሥርዓት አቁሟል። መዝገቡ ከተከፈተ በኋላም ቢሆን ባለጉዳዮቹ ወደ አስማሚ ሊመሩ ይችላሉ። ሌላውም ዓለም በዚህ ቀድሞናል ባይባል እንኳ አብሮን ይሄዳል። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1949 የቤተሰብ ፍርድ ቤቶች ከተቋቋሙ ወዲህ፣ የውርስ ክፍያ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚታየው በአስማሚ ጉባኤ ፊት ነው፤ ጉባኤው አንድ ዳኛና ቢያንስ ሁለት ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች ያሉበት ነው። የኛ ሽማግሌዎች ቢያዩት እምብዛም የሚደነቁ አይመስለንም። ከኑር መስጊድ ወገን ያለው የአራዳ ነዋሪም፣ ሁለቱ ወገኖች ፈቃዳቸውን ከሰጡ፣ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 188 የተጠናከሩት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የውርስ ጉዳዩን ሊያዩለት ይችላሉ።

ስለ ጊዜም ጥቂት እንበል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 መሠረት፣ ውርሱ በሌላ ሰው እጅ መያዙንና የራሱን መብት ያወቀ ወራሽ ወራሽነቱ እንዲታወቅለትና ሀብቱ እንዲመለስለት ክስ የሚያቀርበው በሦስት ዓመት ውስጥ ነው። አንዳንዱ ተንኰለኛ ወራሽ ይህን ዐውቆ ሽምግልናውን ከፋሲካ ወደ መስቀል፣ ከመስቀል ወደ ጥምቀት ያስተላልፈዋል። ሽማግሌ ተቀምጦልኛል ብሎ ቀኑን የሚረሳ ሰው አይኑር። ሁለት ሦስት ጉባኤ ተደርጎ ነገሩ ካልቀና፣ ሽማግሌውን ሳያስቀይሙ መዝገቡን መክፈት ይቻላል፤ ዕርቁም ከመዝገቡ በኋላ ሊቀጥል ይችላል።

ስምምነቱ ከተገኘ በኋላ በቃል ብቻ መተው አይገባም። በአራዳ ብዙ ጥሩ ዕርቅ የፈረሰው ሽማግሌዎቹ ሞተው ነው። ቤትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» በሚለው መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት። ክስ ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ ስምምነቱ ተፈርሞ ለችሎቱ ይቀርባል፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 274 ጀምሮ፣ ስምምነቱ ከሕግና ከመልካም ጠባይ ጋር የማይቃረን መሆኑን ዳኛው አይቶ በዚያው መሠረት ትእዛዝ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። በጽሑፉ ላይ የያንዳንዱ ክፍል ልክ፣ የበሩ አቅጣጫ፣ የውኃና የመብራት ቆጣሪው በማን ስም እንደሚሆን፣ የጋራው መጸዳጃ ቤት በማን እንደሚጠበቅ ሳይቀር ቢጻፍ ይሻላል። ብዙ ወንድማማቾችን ያጣላው ከሳሎኑ ይልቅ ቆጣሪው ነው።

ውጭ አገር ላለው ወንድም ደግሞ አንድ ነገር። ብዙ ጊዜ ከኤምባሲ አረጋግጦ የሚልከው ውክልና ጠቅላላ ውክልና ነው፤ «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ግን ወኪል ቤት ለመሸጥም ሆነ ለመታረቅ ልዩ ሥልጣን ሊሰጠው ይገባል ይላል። ስለዚህ ወንድሙን ወክሎ በሽማግሌዎች ፊት የሚቀመጥ ሰው፣ ውክልናው ላይ «እንዲታረቅልኝ፣ የውርስ ክፍያ ስምምነት እንዲፈርምልኝ» የሚል ቃል በግልጽ መኖሩን ከመጀመሪያው ጉባኤ በፊት ማየት አለበት፤ ከሌለም ወረቀቱ ተመልሶ ዋሺንግተን ይሂድና እንደ ገና ይምጣ።